መጀመሪያ የጦሩ፣ ከዚያ የከሰል ቆፋሪዎቹ፦ የሮልስ ሮይስ ብረት ለበስ አቀባብ

ዲሴምበር 11 ቀን 1936 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ዙፋናቸውን ለቀቁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ነገሩን ሳትሰሙት አትቀሩም። ዋሊስ ሲምፕሰን የምትባል ትዳሯን የፈታች አሜሪካዊት ላግባ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ባልድዊን አይሆንም አሉ። ንጉሡ ሴቲቱን መረጡ፣ አለቀ።

አልለቅም ብለው ቢሆንስ? መንግሥት ፈርሶ፣ ጦሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ በየአውራጃው የጎበዝ አለቃ ተነስቶ ቢሆንስ? በጠረጴዛ ላይ ጦርነት የምንጫወት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ከያዘን እንቅልፍ የለንም። አውራ ጣት በምታህል ወታደር፣ በዳይስና በሜትር ያልሆነውን ታሪክ እናስኬደዋለን።

የእኔ ጦርነት ባዝ ከተማ ዙሪያ ነው። ለምን ባዝ? ያኔ ጃንሆይ እዚያ ነበሩ። በስደት እንግሊዝ የገቡት በጁን 1936 ነው። ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው በ1940 ወደ ሱዳን እስኪሄዱ ድረስ ኖረውበታል። ከባዝ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ስትሉ ደግሞ ራድስቶክ አለ፤ ያኔ ከሰል የሚቆፈርበት ከተማ ነው። በእኔ ጨዋታ የራድስቶክ ከሰል ቆፋሪዎች አምፀዋል። ከመንግሥት ጦር አንድ ሮልስ ሮይስ ብረት ለበስ ማርከው ወደ ባዝ እየገሰገሱ ነው። ዛሬ የምንቀባው ያንን መኪና ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቀለሙ በሁለት ዙር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ እውነተኛው ጦር እንደቀባው ይቀባል። ከዚያ ያልሆነው ታሪክ በላዩ ላይ ይደርስበታል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዙር ብቻ ነው የሚሠራው፤ መኪናውን ቀይ በቀይ አድርጎ ባንዲራ ይለጥፍበታል። ያ የምርኮ መኪና አይመስልም፣ የልጆች ዕቃ ነው የሚመስለው። ውሸት እንዲታመን ከሥሩ እውነት ሊኖረው ይገባል።

መኪናውን ማወቅ

የምንሠራው የ1920 ሞዴሉን ነው። ሻንሲው ሲልቨር ጎስት ከሚባለው የሀብታሞች መኪና የመጣ ነው። ውፍረቱ እስከ 12 ሚሊሜትር የሚደርስ ብረት አለበሱት። መትረየሱ የሚቀመጥበት የሚዞር ክብ ቤትም ጫኑበት፤ ቱሬት እንበለው። ሦስት ሰው ይይዛል፣ ያለው አንድ ቪከርስ መትረየስ ነው። በ1936 አርጅቷል፣ ግን ከአገልግሎት አልወጣም።

ርዝመቱ 4.93 ሜትር ስለሆነ በ1/56 ሲቀነስ 88 ሚሊሜትር ይመጣል። ከ28 ሚሊሜትር ወታደሮች ጋር የሚሄደው ይህ ልኬት ነው። ስትገዙ ወይም በ3ዲ ማተሚያ ስታሳትሙ 1/72 እንዳይሆን እዩ። እሱ 68 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ወታደሮቻችሁ አጠገብ ሲቆም የሕፃን ጋሪ ያክላል። ቸርኬውንም ተመልከቱ። የ1914ቱ የሽቦ ቸርኬ ነው፣ የ1920ው ድፍን።

ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ታርጋ። የእንግሊዝ መኪና ስንቀባ አፋችን ላይ የሚመጣው ሁሉ ጣልያንኛ መሆኑ ያስቀኛል። የጋራዥ አማርኛ ነው፣ ምን ይደረግ።

1. ማጠብና ማለስለስ

በ3ዲ ማተሚያ የወጣ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ የሚጠጥር ፕላስቲክ ነው) ሲነካ ባያስታውቅም ቅባት አለው። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። አንድ ሌሊት ይድረቅ።

ኮፈኑና ቱሬቱ ላይ የማተሚያው መስመሮች ይታያሉ። ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ባለ 800፣ ሁለቱንም ውሃ እየነከራችሁ ፈግፍጉ። ውሃው ቀልድ አይደለም። የሬዚን ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ማስክም አድርጉ። ሪቬቶቹን፣ ብረቱን የሚያያይዙትን ክብ የምስማር አናቶች ማለቴ ነው፣ እንዳትፈገፍጓቸው ተጠንቀቁ። የዚህ መኪና ውበቱ እነሱ ናቸው።

ቱሬቱንና ጎማዎቹን አሁን አታጣብቁ። ቦዲውን በባለሁለት ፊት ፕላስተር ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ የምትይዙት ጠርሙሱን ነው፣ መኪናውን አይደለም።

2. መነሻ ቀለም

ግራጫ ፕራይመር በስፕሬይ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ፣ አጫጭር አድርጋችሁ ንፉ። አንድ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያውን መኪናዬን ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። ኖቬምበር ነበር። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በረንዳ ላይ ወጥቼ ነፋሁት። ተመልሼ ሳየው መኪናው ሁሉ ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። በብርዱና በእርጥበቱ ቀለሙ ዱቄት ሆኖ አረፈ። ያንን በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ከሪቬቶቹም ግማሾቹ አብረው ሄዱ። አሁን ደረቅ ቀን ካልሆነ አልነፋም። የስፕሬዩን ቆርቆሮም አምስት ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ለብ ያለ ነው ያልኩት። ምድጃ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው በኋላ በእኔ እንዳያሳብብ።

3. አረንጓዴው

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ ጦር መኪናዎች ቀለም ዲፕ ብሮንዝ ግሪን ይባላል። ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥልቅ አረንጓዴ ነው፤ የሚያብረቀርቅም ነው። ዘይት የጠገበ የጎመን ወጥ በዓይናችሁ አምጡ፣ እሱ ነው። ብዙ ሰው የ1936 መኪና ላይ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ደብዛዛ ካኪ ይቀባል። እሱ የመጣው ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ወደ 1939 ነው። በሰላም ጊዜ የወታደር ሥራ መወልወል ነበር። መኪናው ከጠላት የሚደበቅ ዕቃ ሳይሆን ሰልፍ ላይ የሚታይ ዕቃ ነው።

ግን ትክክለኛውን ቀለም እንዳለ ብትቀቡት ትንሹ መኪና ጥቁር ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ዕቃ ባነሰ ቁጥር ቀለሙ የጠቆረ ይመስላል። ስለዚህ ፈካ አድርገን እንጀምር። የእኔ ልክ እንዲህ ነው፦ 6 ጠብታ ጥቁር አረንጓዴ፣ 1 ጠብታ ጥቁር፣ 2 ጠብታ ቢጫ ቡናማ። አክሬሊክስ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ከሆነ የማንም ይሁን የማን ይሠራል። ነጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ እዩት፤ እርጥቡ ያታልላል።

ማፍካት ስትፈልጉ ነጭ አትጨምሩ። አረንጓዴ ላይ ነጭ ሲገባ የሆስፒታል ግድግዳ ይሆናል። ቢጫ ቡናማውን ጨምሩ፣ ሙቀቱን ይጠብቃል።

ቀለሙን በውሃ አቅጥኑት፣ እንደ ወተት እስኪሆን። እንደ እርጎ ከሆነ ሪቬቶቹን ይውጣቸዋል። የመጀመሪያው ዙር ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፣ ግራጫው ከሥር ይታያል፣ ልባችሁ ይወርዳል። ተዉት። ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ሁለተኛውን ስትደግሙ ይገጥማል።

ቀጥሎ ደረቅ ብሩሽ። አሮጌ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ ብሩሽ ውሰዱ። በፈካው አረንጓዴ ነክራችሁ ሶፍት ላይ ጥረጉት፤ ቀለም የቀረ እስከማይመስላችሁ ድረስ። ከዚያ ቱሬቱ ጫፍ፣ የኮፈኑ ጠርዝ፣ የፓራፋንጎው ላይኛ ክፍል ላይ ቶሎ ቶሎ አመላልሱት። መጀመሪያ ምንም አይታይም። አሥረኛው ላይ እያንዳንዱ ሪቬት አናቱ ላይ አንዲት ፈዛዛ ነጥብ ይዞ ብቅ ይላል። ይህን ለማየት ስል ብቻ መኪና የቀባሁበት ጊዜ አለ።

ሲደርቅ ስስ አንጸባራቂ ቫርኒሽ አልብሱት። በላዩ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ በሪቬቶቹ ዙሪያና በበሩ መስመር ላይ በቀጭን ብሩሽ አስገቡ። መስመሩን ተከትሎ በራሱ ይሮጣል። ከመስመሩ የወጣውን በእርጥብ ብሩሽ ሳይደርቅ አንሱት።

4. ትናንሽ ነገሮች

ጎማ ጥቁር አይደለም፤ ጥቁር ግራጫ ላይ ትንሽ ቡናማ። የኋላው የዕቃ መጫኛ እንጨት ነው፣ ፈዛዛ ቡናማ አድርጋችሁ መስመር መስመር አውጡለት። መትረየሱ ጥቁር ሆኖ በብረት ቀለም አንዴ ይታበስ። ታርጋው ጥቁር ላይ ነጭ ፊደልና ቁጥር ነው። እጃችሁ ካልጸና በውሃ የሚለጠፍ ዲካል ተጠቀሙ፤ ዲካል የሚያምረው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ላይ ሲለጠፍ ነው፣ ደብዛዛ ላይ ከሥሩ አየር ገብቶ ይነጣል።

እዚህ ላይ የመንግሥት ጦር መኪና አላችሁ። ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነው። መንግሥትን ወክላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግማሽ አንጸባራቂ ቫርኒሽ አድርጋችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ሙሉ አንጸባራቂ እውነት ቢሆንም በዚህ ልኬት ከረሜላ ያስመስለዋል።

5. ማረክነው

አሁን ታሪኩ ይምጣ። ለራሴ የምነግረው እንዲህ ነው፦ መኪናው የተማረከው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ይህች ሦስት ሳምንት ሥራውን ሁሉ ትመራለች። በሦስት ሳምንት ብረት በዝገት አይበላም። ቀለም ግን ይቧጨራል።

ማራኪ መጀመሪያ የሚያደርገው የድሮውን ባለቤት ምልክት ማጥፋት ነው። የጦሩ ምልክት የነበረበትን ቦታ ለየት ባለ አረንጓዴ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ሸፍኑ፤ ራድስቶክ ውስጥ በተገኘው ቀለም ማለት ነው። ሆን ብላችሁ የብሩሹ መስመር እንዲታይ ወፈር አድርጉት። ከላይ የነገርኳችሁን የወተቱን ሕግ እዚህ ብቻ ጣሱት።

ከዚያ ቱሬቱን የሚዞር ቀይ መቀነት፣ ወገን ወገኑን እንዳይመታ። ፕላስተር ለጥፋችሁ ወርዱን 4 ሚሊሜትር አድርጉ። ቀይን በቀጥታ አረንጓዴ ላይ ከቀባችሁ የደረቀ ደም ይሆናል፤ አምስት ዙርም አያድነውም። መጀመሪያ ሮዝ ወይም ፈዛዛ ብርቱካናማ ጣሉበት፣ ቀዩ በሁለት ዙር ይበራል።

አሁን መፈክሩ። በ1926ቱ የማዕድን ሠራተኞች ትግል አንድ መፈክር ነበር፦ ከደሞዛችን አንዲት ሳንቲም አትቀነስም፣ በሥራ ሰዓታችን አንዲት ደቂቃ አትጨመርም። የሠራተኞቹ መሪ ኤ. ጄ. ኩክ ደግሞ የተወለደው እዚሁ ሶመርሴት ውስጥ ነው። ራድስቶክም ሶመርሴት ነው። ቆፋሪዎቹ ሌላ ምን ይጽፋሉ?

ሙሉው መኪናው ጎን ላይ አይገባም። ‘ኖት ኤ ፔኒ’ የሚለውን የእንግሊዝኛ መጀመሪያውን ብቻ እንጻፍ። ዘጠኝ ፊደልና ሁለት ክፍተት ነው። ከግራ ጀምራችሁ ከጻፋችሁ መጨረሻው ‘ዋይ’ በሩን አልፎ ይወጣል፤ ደርሶብኛል። ከመሃል ጀምሩ። መሃሉ ከነጠላው ‘ኤ’ ቀጥሎ ያለው ክፍተት ነው። እዚያ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ፣ ወደ ቀኝ ‘ፔኒ’ን ጻፉ፣ ወደ ግራ ‘ኤ’ን፣ ከዚያ ‘ኖት’ን። ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ክሬም ነጭ ተጠቀሙ። ፊደል ከተጣመመ ደግሞ እሰይ። የጻፈው ከሰል ቆፋሪ ነው፣ ማተሚያ ቤት አይደለም።

6. ጭረት፣ አቧራና ከሰል

ከዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ የጣት ጥፍር የምታክል ቅዳችሁ በወረንጦ ያዙ። ጥቁር ቡናማ ንኩ፣ ወረቀት ላይ አራግፉ፣ ከዚያ ነካ ነካ አድርጉ። የት? ሰው የሚረግጥበት፣ በር የሚጋጭበት፣ የፓራፋንጎ ጠርዝ። ሜዳው መሃል ላይ ጭረት ምክንያት የለውም። አምስት ቦታ ከነካችሁ በኋላ ተነሱና ቡና ጠጡ። በዚህ ሥራ ማቆም ከመጀመር ይከብዳል።

አቧራው የአገሩ መሆን አለበት። ባዝ የተሠራችው በራሷ ድንጋይ ነው፤ የማር ቀለም ያለው የኖራ ድንጋይ። መንገዱም ያንን ይመስላል ብለን እንውሰድ። ክሬምና ቢጫ ጠመኔ ወይም ደረቅ ፓስቴል በምላጭ ፍቃችሁ ዱቄቱን ቀላቅሉ፤ በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ጣሉት። ታች በርከት፣ ላይ ሳሳ። ጎማው ውስጥና ሰው የሚወጣበት ሰሌዳ ላይ ግን ጥቁሩን ጨምሩ። ቆፋሪዎቹ ከከሰል ጉድጓድ ወጥተው ነው መኪና ላይ የሚወጡት። በሩ አጠገብ በጥቁር ዱቄት የነካችሁትን ጣት አንዴ ብታሳርፉበት፣ ያ የእጅ አሻራ ከማንኛውም ባንዲራ በላይ ባለቤቱን ይናገራል። ለልኬቱ ጣታችሁ ትልቅ ነው፣ አውቃለሁ። በትንሿ ጣት ጫፍ ሞክሩት።

7. መጨረሻው ቫርኒሽ

ማት፣ የማያብረቀርቀው፣ ቫርኒሽ በስስ። ደረቅ ቀን የሚለው ሕግ እዚህም ይሠራል። እርጥበት ካለ ጭጋግ ይሆንና የወር ሥራ ይሸፍናል። ያ ከደረሰ አትደንግጡ፤ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በብሩሽ ደርቡበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል፣ ከዚያ ማቱን በደረቅ ቀን ድገሙት። በመጨረሻ ቆፋሪዎቹ ያልቀቡት የኮፈን ክፍል ላይ ጥቂት ግማሽ አንጸባራቂ መልሱበት። የድሮው ውልወላ ገና አልለቀቀም። ጎማዎቹን አጣብቁ፣ ቱሬቱን ልቅ ተዉት፣ ጨዋታ ላይ ይዞራል።

ከጎኑ የሚሰለፉ

ካርደን ሎይድ ማርክ 6 ከ1928 ጀምሮ የተሠራች ትንሽ ባለ ሰንሰለት ናት። ሁለት ሰውና አንድ መትረየስ ትይዛለች፣ ጣሪያ የላትም። ጣልያን ዲዛይኑን ከእንግሊዝ ወስዶ ነው ኢትዮጵያን የወረረባቸውን ትናንሽ ታንኮች ያሳደገው። በእኛ በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ከእነዚያ ታንኮች ጋር ተገናኝተዋል። መትረየሱ ዙሪያውን እንደማይዞር ሲያዩ ከጎንና ከኋላ ሄዱባቸው። አቀባቡ እንደ ሮልስ ሮይሱ ነው፤ ውስጧ ስለሚታይ ብቻ ሰዎቹን ከማስገባታችሁ በፊት ውስጧን ጨርሱ።

ዝገት የናፈቃችሁ ደግሞ ማርክ 4 ታንክ ሥሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ200 በላይ የእንግሊዝ ከተሞች ለጦርነቱ ገንዘብ በማሰባሰባቸው ታንክ ተሸልመው አደባባይ ላይ አቁመው ነበር። አሽፎርድ ከተማ ያለው ዛሬም አለ፤ በ1929 ሞተሩን አውጥተው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አድርገውታል። በእኛ ታሪክ አንዱን ከመቆሚያው አውርደው ቢያስነሱትስ? ከ15 ዓመት በላይ ዝናብ የጠጣ ነው። የዝገት መስመር፣ የድንጋይ ሽበት፣ የወፍ ኩስ፣ ሁሉም ይፈቀዳል።

ከፌርፊልድ ቤት የምትወጣዋ የአጃቢ መኪና ላይ ደግሞ የእኛን ባንዲራ እሰቅላለሁ። ሲጋራ ወረቀት በሙጫ ተነክሮ፣ 7 ሚሊሜትር በ5። ሁሉንም መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉውን ቢጫ፣ ከዚያ ከላይ አረንጓዴ ከታች ቀይ። ሳይደርቅ በወረንጦ ጠምዘዝ አድርጉት፣ ነፋስ የያዘው ይመስላል። ሲደርቅ ቢጫው መሃል ላይ በብሩሽ ጫፍ አንዲት ቡናማ ነጥብ። እሷ አንበሳው ናት።